ትንሽ ኮሌጅ እንዴት ይመረጣል? ለደሴና ለኮምቦልቻ ተማሪዎችና ወላጆች

የ12ኛ ክፍል ውጤት ይፋ ከሆነ በኋላ ባሉት ሳምንታት በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ በብዙ ቤት የሚነሣው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ ልጁ ከዚህ በኋላ የት ይማር? የ2014 ዓ.ም. ተማሪዎች ውጤት ሲገለጽ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በቀጣዩም ዓመት ቁጥሩ ከዚህ አልራቀም። ከዚያ ወዲህ መሻሻል ቢታይም፣ በመንግሥት ምደባ በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ የሚገባው ተማሪ አሁንም ጥቂት ነው። የተቀረው በአቅም ማሻሻያ ትምህርት በኩል ዕድሉን ይሞክራል፣ በቴክኒክና ሙያ ይሠለጥናል፣ ወይም በከተማው ካሉት ኮሌጆች አንዱን ይመርጣል። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት ትንሽ ኮሌጅ ለመግባት እያሰቡ፣ ነገር ግን ትንሽነቱ ለሚያሰጋቸው ተማሪዎችና ወላጆች ነው።

በትልቅ ግቢም በትንሽ ኮሌጅም ለዓመታት አስተምሬአለሁ። በአንድ ወቅት በአንድ አዳራሽ ለ120 ተማሪዎች ስታቲስቲክስ አስተምር ነበር፤ ሴሚስተሩ ሲያልቅ በስም የማውቃቸው ከ10 አይበልጡም ነበር፤ እነርሱም ወይ እጅግ ጎበዞቹ፣ ወይ ደጋግመው የቀሩት ነበሩ። መካከል ላይ ያለው፣ ጥቂት ቢደገፍ የሚነሣው ተማሪ፣ ሳላውቀው መጥቶ ሳላውቀው ሄደ። ኋላ 26 ተማሪዎች ወዳሉበት ክፍል ስዛወር ግን፣ ገና በሦስተኛው ሳምንት ማን ክፍልፋይ ላይ እንደሚሰናከል፣ ማን ደግሞ ስሌቱን እያወቀ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ጥያቄ መረዳት እንደሚያቅተው ለይቼ ዐውቅ ነበር። እነዚህ ሁለት ተማሪዎች በፈተና የሚያመጡት ነጥብ እኩል ሊሆን ይችላል፤ የሚያስፈልጋቸው እርዳታ ግን ፈጽሞ አይገናኝም። የትንሽ ኮሌጅ ዋናው ጥቅም ይህ ነው፤ መምህሩ የተማሪውን ድካም በዝርዝር የማወቅ ዕድል ያገኛል።

ይህ አስተሳሰብ ለወሎ ሰው እንግዳ አይደለም። በቅኔ ቤት እያንዳንዱ ተማሪ የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ያሰማል፣ በዚያው ይታረማል። በዳናና በጌታ ስመ ጥር የእስልምና ትምህርት ማእከላትም ደረሳው በሼኹ ፊት ተቀምጦ ኪታቡን እያነበበ ነው የተማረው። ከደሴ በስተ ሰሜን የሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን ታላቅ የትምህርት ቦታ የሆነው በአዳራሹ ስፋት አልነበረም። መምህርና ተማሪ ፊት ለፊት ተቀምጠው መማማራቸው እዚህ አገር የቆየ ነገር ነው።

ትንሽነት የሚለካው በምንድን ነው?

አንድ ኮሌጅ ሕንጻው ስላነሰ ብቻ ትንሽ አይባልም። ከሱቆች በላይ ባሉ ሁለት ፎቆች ላይ ተከራይቶ በአንድ ክፍል 80 ተማሪ የሚያስቀምጥ ተቋም፣ ለተማሪው ከትልቅ ዩኒቨርሲቲ የባሰ ትልቅ ነው፤ የትልቁን ጉድለት ይዞ የትልቁን ቤተ መጻሕፍትና ቤተ ሙከራ አልያዘምና። ስለዚህ ከጠቅላላው የተማሪ ብዛት ይልቅ ሦስት ቁጥሮችን ጠይቁ፦ እናንተ በምትማሩበት የትምህርት ክፍል በአንድ ሴክሽን ስንት ተማሪ እንዳለ፣ በአንድ ኮምፒውተር ወይም በአንድ የመለማመጃ መሣሪያ ስንት ተማሪ እንደሚደርስ፣ አንድ መምህር ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ እንደሚያማክር። ሦስተኛውን ብዙ ሰው አይጠይቀውም፤ እኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው እርሱ ይመስለኛል። 5 ተማሪ የሚያማክር መምህር ረቂቁን አንብቦ በኅዳጉ ላይ ይጽፍበታል፤ 25 የሚያማክር መምህር ግን፣ ቅን ሰው ቢሆንም እንኳ፣ ሽፋኑንና ማጠቃለያውን አይቶ ከመፈረም በቀር ጊዜ አያገኝም። ተማሪውም በሕይወቱ አንድ ጊዜ የሚያገኘውን፣ ሐሳቡን በጽሑፍ አደራጅቶ የመሟገት ሥልጠና ሳያገኘው ይቀራል።

በተግባር ትምህርት ደግሞ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። በኮምፒውተር ክፍል ሦስት ተማሪ በአንድ ማሽን ፊት ሲቀመጥ፣ ቁልፉን የሚነካው ሁልጊዜ አንዱ ነው፤ ሁለቱ ያያሉ። በብየዳ፣ በኤሌክትሪክ ሥራ ወይም በልብስ ስፌትም እንዲሁ ነው። እጅ የሚማረው ራሱ ሲሠራ ብቻ ስለሆነ፣ በሥልጠና ዓመቱ ለእያንዳንዱ ሠልጣኝ ስንት ሰዓት በመሣሪያው ላይ እንደሚደርሰው ማስላት ተገቢ ነው፤ በሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) የተግባር ምዘናም መዛኙ የሚያየው በእጅ የተሠራውን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ኮሌጁ ትንሽ ሆኖ የመለማመጃው ቦታ ግን የተጨናነቀ ሊሆን ይችላል። ነርሲንግ ወይም ሌላ የጤና ሙያ በደሴ የሚማር ሰው፣ ኮሌጁ የትኛውም ቢሆን፣ ለተግባር ልምምድ ወደ ከተማው ሆስፒታልና ጤና ጣቢያዎች ይሄዳል፤ በደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ደግሞ የዩኒቨርሲቲው፣ የጤና ሳይንስ ኮሌጁና የግል ኮሌጆች ተማሪዎች ይገናኛሉ። በአንድ አልጋ ዙሪያ ከልዩ ልዩ ተቋማት የመጡ ብዙ ተማሪዎች ቆመው ከሆነ የኮሌጁ ክፍል ማነስ ብቻውን አይጠቅምም። መጠየቅ ያለበት፣ ኮሌጁ የራሱን መምህር ከተማሪዎቹ ጋር ወደ ዋርድ ይልካል ወይስ ተማሪዎቹን ለሆስፒታሉ ነርሶች ትቶ ይመለሳል የሚለው ነው። መምህሩን የሚልክ ኮሌጅ በእርግጥ ትንሽነቱን ለተማሪው ጥቅም እያዋለ ነው።

በኮምቦልቻ ደግሞ ሌላ ዕድል አለ። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ የብረታ ብረትና የቢራ ፋብሪካዎቹ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውም የኢንዱስትሪ ፓርክ ለትብብር ሥልጠና ቅርብ ናቸው። በትልቅ ተቋም የድጋፍ ደብዳቤ ተጽፎ ለተማሪው ይሰጥና ቦታውን ራሱ ይፈልጋል፤ በደንብ በሚሠራ ትንሽ ኮሌጅ ግን አሠልጣኙ የፋብሪካውን የጥገና ኃላፊ በስልክ ደውሎ ልጁን ያስተዋውቃል፣ ከሁለት ሳምንት በኋላም ሄዶ ያየዋል። «ባለፈው ዓመት ተማሪዎቻችሁ የት የት ተለማመዱ? ለስንት ሳምንት? ማን ሄዶ አያቸው?» ብላችሁ ጠይቁ። ስም እየጠቀሰ የሚመልስ ዲን እና «ከብዙ ድርጅቶች ጋር እንሠራለን» ብሎ የሚያልፍ ዲን አንድ አይደሉም።

ከሁሉ አስቀድሞ፦ ዕውቅናው

የወንድሜ ልጅ ከዓመታት በፊት አንድ ኮሌጅ ገብታ ሁለት ዓመት ከተማረች በኋላ፣ ኮሌጁ ዕውቅና ያለው ቢሆንም እርሷ የምትማረው የትምህርት መስክ በዚያ ካምፓስ ዕውቅና እንዳልነበረው ታወቀ። የተከፈለው ገንዘብ ይቅርና ሁለት የወጣትነት ዓመት የሚመልስ አልተገኘም። እኔ መምህር ሆኜ ሳለሁ አለመጠየቄ እስካሁን ያሳዝነኛል፤ ስለዚህም ይህን ክፍል አጥብቄ እጽፋለሁ።

በአገራችን የዕውቅና ፈቃድ ለኮሌጁ ስም በጅምላ የሚሰጥ አይደለም። ለእያንዳንዱ የትምህርት መስክ፣ ለእያንዳንዱ ደረጃ፣ ለእያንዳንዱ ካምፓስ ለየብቻው ይሰጣል፤ የርቀት ትምህርትም የራሱን ፈቃድ ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ ኮሌጅ በአዲስ አበባ በአካውንቲንግ ዕውቅና ስላለው በደሴ ቅርንጫፉም አለው ማለት አይደለም፤ በቀን መርሐ ግብር የተፈቀደለት መስክም በርቀት ተፈቅዷል ማለት አይደለም። ለዲግሪ መርሐ ግብሮች የሚመለከተው አካል የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው፤ ለቴክኒክና ሙያ ደረጃዎች ደግሞ የክልሉን የሥልጠና ቢሮ መጠየቅ ይገባል። ባለሥልጣኑ በቅርብ ዓመታት የግል የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት በአዲስ መልክ እንዲመዘገቡ ስላደረገ፣ በግድግዳ ላይ የተሰቀለ የቆየ የምስክር ወረቀት ለዛሬ በቂ ማስረጃ አይሆንም። ሬጅስትራሩ ቢሮ ገብታችሁ የፈቃዱን ደብዳቤ እንዲያሳዩአችሁ በትሕትና ጠይቁ፤ በደብዳቤው ላይ የመስኩን ስም፣ ደረጃውን፣ የካምፓሱን ቦታና የሚያበቃበትን ቀን አንብቡ፤ ከዚያም ያያችሁትን በባለሥልጣኑ በኩል አረጋግጡ። መጠየቅ ነውር መስሎ የሚታያቸው ወላጆች አሉ። በሬ ሲገዛ ጥርሱን የሚያይ ገበሬ ሻጩን አልናቀም።

ከዕውቅናው ቀጥሎ የመውጫ ፈተናው ይመጣል። ፈተናው በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ ለሚመረቁ ሁሉ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ እየተሰጠ ነው፤ የማለፊያው ነጥብ 50 በመቶ ሲሆን፣ ተማሪው የኮሌጁን ኮርሶች ሁሉ በጥሩ ውጤት ቢጨርስም ይህን ካላለፈ ዲግሪውን አያገኝም። ፈተናው ከመጣ ወዲህ ኮሌጆችን ማወዳደር ቀደም ሲል ከነበረው በጣም ቀሏል፤ የመንግሥትም የግልም ተማሪ በየመስኩ ለአንድ ዓይነት ፈተና ይቀመጣልና። ነገር ግን የትንሽ ኮሌጅን ውጤት ስታነቡ ተጠንቀቁ። 8 ተማሪ አስፈትኖ 6 ያሳለፈ የትምህርት ክፍል 75 በመቶ አሳለፍኩ ይላል፤ በሚቀጥለው ዓመት ሁለት ልጆች ቢታመሙ ቁጥሩ ወዲያው 50 ይሆናል። ስለዚህ መቶኛውን ብቻ ሳይሆን ስንት ተፈትነው ስንት እንዳለፉ፣ ይህም በእናንተ መስክ፣ የሁለትና የሦስት ዙሮችን ጠይቁ። በተጨማሪም አንደኛ ዓመት ስንት ተመዝግበው ከእነርሱ ስንቱ ለመውጫ ፈተና እንደደረሱ እወቁ፤ ደካሞቹን በመንገድ አስቀርቶ ጠንካሮቹን ብቻ በማስፈተን የሚገኝ ጥሩ ቁጥር ለእናንተ ልጅ አይጠቅምም።

ሄዶ ማየት

ኮሌጅ በምዝገባ ሰሞን አይታይም። ያን ጊዜ ግቢው ይጸዳል፣ ማስታወቂያው ይለጠፋል፣ ሁሉም ሰው በፈገግታ ይቀበላል። የሚቻል ከሆነ በሴሚስተሩ መካከል፣ ለምሳሌ በኅዳር ወይም በመጋቢት፣ በሥራ ቀን ሂዱ፤ ጊዜው ካለፈባችሁ ደግሞ የክረምት ትምህርት ባለበት ቀን ሂዱ። ክፍል ውስጥ ከኋላ ተቀምጣችሁ አንድ ሰዓት እንድትከታተሉ ፈቃድ ጠይቁ። መምህሩ ተማሪዎቹን በስም ይጠራል? የተመለሰ የቤት ሥራ በተማሪዎቹ እጅ አለ? በቀይ የታረመው ነጥቡ ብቻ ነው ወይስ ስሕተቱ የት እንደሆነም ተጽፏል? ከዚያ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ግቡና የመጽሐፍ ውሰት መዝገቡን ተመልከቱ፤ መጽሐፍ የሚወጣበት ቤት መዝገቡ በቅርብ ቀኖች የተሞላ ነው።

ተማሪዎቹን ግን በግቢው ውስጥ ሳይሆን ከግቢው ውጪ፣ ሻይ በሚጠጡበት ቦታ አነጋግሩ። የሚጠየቁት ነገር ረቂቅ መሆን የለበትም። ባለፈው ሴሚስተር ስንት ክፍለ ጊዜ መምህር ቀረ? የውጤት ስሕተት ቢገኝ ለማስተካከል ስንት ቀን ይወስዳል? በትንሽ ኮሌጅ ሬጅስትራሩ ተማሪውን በመልክ ስለሚያውቀው ይህን መሰሉ ጉዳይ በአንድ ጠዋት ሊያልቅ ይገባል፤ በትንሽ ኮሌጅ ሆኖ ለአንድ ግሬድ ወር የሚያመላልስ ከሆነ አስተዳደሩ ችግር አለበት። የቀድሞ ተመራቂ ካገኛችሁ ደግሞ ቴምፖውን (ጊዜያዊ የምስክር ወረቀቱን) እና ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱን በስንት ጊዜ እንዳገኘ ጠይቁት።

ክፍያን በተመለከተ ማለት የምፈልገው አጭር ነው። የወር ክፍያውን ብቻ አታወዳድሩ፤ የምዝገባውን፣ የተግባር ልምምዱን፣ የምዘናውን፣ የምረቃውን ሁሉ ደምራችሁ እስከ መጨረሻው ያለውን ጠቅላላ ወጪ አስሉ፣ በመካከል ክፍያ ይጨመር እንደሆነም በጽሑፍ እንዲገልጹላችሁ ጠይቁ።

መንገዱም ይታሰብበት። ኮምቦልቻና ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢራራቁም በመካከላቸው የሐረጎ ዳገት አለ፤ ሁለቱ ከተሞች በከፍታ ወደ 600 ሜትር የሚጠጋ ልዩነት ስላላቸው መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፣ በክረምት ደግሞ ጉም ይወርድበታል። ኮምቦልቻ እየሠራ ደሴ በማታ መርሐ ግብር የሚማር ሰው፣ ትምህርቱ ሲያልቅ ሚኒባስ ማግኘቱንና በጨለማ ሐረጎን መውረዱን ከክፍያው እኩል ማስላት አለበት። በሳምንት አምስት ቀን ተመላላሽ ሆኖ ደክሞ ክፍል ከሚቀመጥ፣ በሚኖርበት ከተማ ያለ መጠነኛ ኮሌጅ ገብቶ ምሽቱን ቢያነብበት ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ከእናት ቤት እየበሉ መማርም ቀላል ጥቅም አይደለም፤ የቤት ኪራይና የምግብ ወጪው ለመጽሐፍና ለኢንተርኔት ይውላል።

ትንሽ ኮሌጅ የማይመቻቸው

ሁሉም ተማሪ ትንሽ ኮሌጅ መግባት አለበት አልልም። የትምህርት መስኩን ገና ያልወሰነ ተማሪ፣ አማራጩ ሦስትና አራት ብቻ በሆነበት ቦታ ሐሳቡን ቢለውጥ መሄጃ ያጣል። ሰፊ ቤተ ሙከራ የሚጠይቅ የምህንድስና ወይም የተፈጥሮ ሳይንስ ትምህርት የሚፈልግ፣ በደሴና በኮምቦልቻ ካምፓሶች ያሉትን የወሎ ዩኒቨርሲቲን የመሰለ ተቋም ዕድል ካገኘ እርሱን መተው የለበትም። ሙያ በእጁ ይዞ ቶሎ ሥራ መጀመር የሚሻ ደግሞ እንደ ወይዘሮ ስሂንና እንደ ኮምቦልቻ ያሉትን ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጆች አስቀድሞ ሊያያቸው ይገባል።

ሌላው አደጋ የመምህር ነው። በትንሽ የትምህርት ክፍል አንድ መምህር አምስትና ስድስት ኮርስ ሊይዝ ይችላል፤ ሰውየው ብርቱ ከሆነ ተማሪዎቹ ዕድለኞች ናቸው፣ ደካማ ከሆነ ግን ከእርሱ የሚሸሹበት ሌላ ሴክሽን የለም። ብርቱው መምህር በዓመቱ መካከል የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ቢሄድም ክፍሉ ይናጋል። ስለዚህ መምህራኑ ቋሚ ናቸው ወይስ ከሌላ ተቋም በትርፍ ሰዓት የሚመጡ፣ ስንት ዓመት ቆይተዋል የሚለው ጥያቄ በትንሽ ኮሌጅ ከየትኛውም ቦታ ይልቅ ክብደት አለው። በትርፍ ሰዓት የሚመጣ መምህር እጅግ ዐዋቂ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ደወሉ ሲደወል ወደ ሌላ ክፍል የሚሮጥ ከሆነ፣ እኛ ለትንሽነት የከፈልንለትን ነገር፣ ከትምህርት በኋላ ቁጭ ብሎ መጠየቅን፣ አናገኝም።

ከገቡ በኋላ

ትንሽ ክፍል የሚጠቅመው ለሚጠቀምበት ነው። ልጆቻችን መምህርን አክብረው ስላደጉ መጠየቅን እንደ ድፍረት የሚቆጥሩ ብዙዎች ናቸው፤ በ120 ሰው መካከል ዝም ማለት ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል፣ በ25 ሰው መካከል ግን መምህሩ ራሱ ይጠይቃል። አንዲት ተማሪዬ ለሁለት ወር አንዲት ቃል ሳትናገር ቆየች። አንድ ቀን ከክፍል በኋላ ደብተሯን ሳየው ጥያቄዎቿን ሁሉ በኅዳጉ ላይ በእርሳስ ጽፋቸዋለች፤ ብዙዎቹም ከእኔ ማስታወሻ የተሻሉ ጥያቄዎች ነበሩ። «አብሽሪ፣ ነገ አንዷን ብቻ በድምፅ አንብቢልን» አልኳት። በማግሥቱ አነበበችው፤ ለጥያቄዋ መልስ ስንፈልግ ክፍለ ጊዜው አለቀ። ሁለት ወር ሙሉ ያ ደብተር ባይከፈት ኖሮ ብዬ አሁንም አስባለሁ።

ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ከፊት ተቀመጡ፣ በመጀመሪያው ወርም እያንዳንዱን መምህር ቢያንስ አንድ ጊዜ ከክፍል ውጪ ጠይቁ። በመስካችሁ የመውጫ ፈተና የሚያካትታቸውን ኮርሶች የሚዘረዝረውን ብሉ ፕሪንት ለማግኘት አራተኛ ዓመትን አትጠብቁ፤ ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ ከደብተራችሁ ጋር ይዛችሁ፣ በየሴሚስተሩ የተሸፈነውን እያመለከታችሁ፣ ያልተሸፈነ ርዕስ ሲቀር ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ በጊዜ ንገሩ። በትልቅ ተቋም የአንድ ተማሪ እንዲህ ያለ ጥያቄ በደብዳቤ ክምር ውስጥ ሊጠፋ ይችላል፤ በትንሽ ኮሌጅ ኃላፊው በኮሪደሩ ላይ ይገኛል፣ አራትና አምስት ተማሪ አብሮ ቢጠይቀው ደግሞ የማካካሻ ክፍለ ጊዜ ለማዘጋጀት አይቸገርም።

በመጨረሻም ከምዝገባው ቀን ጀምሮ አንድ ክላሰር ይኑራችሁ። የክፍያ ደረሰኞች ሁሉ፣ የመመዝገቢያ ስሊፖች፣ የየሴሚስተሩ ግሬድ ሪፖርት፣ የኮሌጁ የዕውቅና ደብዳቤ ቅጂ ወይም ያያችሁበት ቀንና ቁጥር፣ የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ማስረጃዎች በዚያው ይቀመጡ። ዋናዎቹን ቤት ትታችሁ ቅጂውን ያዙ፤ ሁሉንም በስልክ ፎቶ አንሥታችሁ ለአንድ የቤተሰብ አባል ላኩለት። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ ከደሴና ከኮምቦልቻ ተፈናቅለው ሲመለሱ ማስረጃቸውን ያጡ ሰዎችን አይቻለሁ፤ የተቋም መዝገብ በተጎዳ ጊዜ ተማሪውን ያዳነው በገዛ እጁ የነበረው ግሬድ ሪፖርት ነው።